የሰይጣን ቤት፣ ማዘጋጃ ቤት እና የድንግዝግዙ ቀጣና

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በይፋ ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ቀኑ እንዲሁ በአጋጣሚ የተመረጠ አልነበረም። ልክ ከ34 ዓመት በፊት፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘውድ የጫኑበት ዕለት ነበር። ስቱዲዮው የተተከለበት ቦታም ከቤተ ክርስቲያኑ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው፤ አርቱሮ መዘዲሚ የተባለው ጣሊያናዊ አርክቴክት በነደፈው አዲሱ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ። መሣሪያውንና ሙያውን ያቀረበው ቶምሰን የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ነበር።

ከዚያ ምሽት አራት ወር ተኩል ቀደም ብሎ፣ ሰኔ 12 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ በሌላው የዓለም ጫፍ አንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ የመጨረሻ ክፍሉን አሳይቶ ተሰናበተ። ስሙ «ትዋይላይት ዞን» ይባላል፤ ወደ እኛ ሲመለስ «የድንግዝግዝ ቀጣና» ማለት ነው፤ ብርሃንም ጨለማም ያልሆነው የምሽት መግቢያ። ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ ከመስከረም 1952 ዓ.ም. ጀምሮ በአምስት ምዕራፍ 156 ክፍል አሳይቷል። ፈጣሪው ሮድ ሰርሊንግ ከእነዚህ ውስጥ 92ቱን ራሱ ጽፏል።

አንዱ ሲያልቅ አንዱ ጀመረ። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ ግን ስልስ ዓመት ዘግይቶ፣ በአራዳ አንድ ካፌ ጥግ የተቀመጠ ወጣት ይህንን ጥቁርና ነጭ ተከታታይ ስልኩ ላይ ከፍቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያየው ይችላል። ሲያየው የሚገርመው ግን የጠበቀው ነገር አይደለም። መንኮራኩሮቹ የካርቶን ይመስላሉ፤ የማርስ ሰዎች ልብስ ያስቃል። የሚያስደነግጠው ሌላ ነው፤ ታሪኩ ስለ ማርስ እንዳልሆነ ሲገባው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ድንጋጤ ነው። ሰርሊንግ ለምን ወደ ማርስ ሄደ? የእኛ ሰዎች ያንኑ መንገድ ቀድመው ሞክረውት ለምን አልሆነላቸውም? ዛሬስ ይጠቅመናል ወይ?

የሞተ ልጅ እና የኮካ ኮላ ጠርሙስ

ሰርሊንግ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ነበር። ፊሊፒንስ ላይ በአየር ወለድ ጦር ተዋግቶ፣ ቆስሎ ተመልሷል። ከጦርነቱ በኋላ የቴሌቪዥን ድራማ ደራሲ ሆነ፤ ሽልማትም በሽልማት ሆነ። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የጀመረው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1955 በሚሲሲፒ ግዛት ኤሜት ቲል የተባለ የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ፣ አንዲት ነጭ ሴትን ደፍረህ አናገርክ ተብሎ በጭካኔ ተገደለ። የተከሰሱት ሁለት ነጮች በነጮች ዳኞች ፊት ቀርበው ነፃ ወጡ። ሰርሊንግ ይህንን ታሪክ ድራማ ሊያደርገው ተነሳ።

ያኔ የአሜሪካ ቴሌቪዥን አለቃ መንግሥት አልነበረም፤ ስፖንሰር ነበር። የአንድ ድራማ ጠቅላላ ወጪ የሚሸፍን ኩባንያ፣ ጽሑፉ ላይ እጁን ማስገባት መብቱ ነው። የሰርሊንግ ጽሑፍ ጉዳዩ ገና ሲሰማ የደቡብ ግዛቶች ነጮች ማኅበራት የስፖንሰሩን ምርት እንዳይገዙ ይቀሰቅሳሉ የሚል ስጋት መጣ። ከዚያ መቁረጥና መለወጥ ተጀመረ። ሟቹ ጥቁር መሆኑ ቀረና ማንነቱ የማይታወቅ መጤ ሆነ። ቦታው ከደቡብ ተነቅሎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተወሰደ። ሌላው ቀርቶ የኮካ ኮላ ጠርሙስ ከመድረኩ እንዲነሣ ተደረገ ይባላል፤ መጠጡ ደቡብን ያስታውሳል ተብሎ! ድራማው እ.ኤ.አ. በ1956 ሲታይ ከኤሜት ቲል የቀረ ነገር አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ጽሑፍ ደግሞ ሞከረ፤ ያም ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው።

የዚያ ዘመን የስፖንሰር ፍርሃት ምን ያህል እንደነበር አንድ ሌላ ምሳሌ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1959 ስለ ናዚዎች የኑረምበርግ ችሎት በቀረበ ድራማ ላይ «ጋዝ» የሚለው ቃል ከተዋንያኑ አፍ ድምፁ እንዲጠፋ ተደረገ። ምክንያቱ? ስፖንሰሩ የጋዝ ኩባንያዎች ማኅበር ነበር። ስድስት ሚሊዮን ሰው ስላለቀበት ግፍ እየተወራ፣ የምድጃ ጋዝ ስም እንዳይጠፋ ተብሎ ማለት ነው።

ሰርሊንግ ከዚህ የተማረው ቀላል ነገር ነው። በዛሬዋ አሜሪካ አንድ ነጭ አንድን ጥቁር ሲበድል ማሳየት ክልክል ከሆነ፣ ማርስ ላይ ሲሆን ማሳየት ይቻላል። የፖለቲካ ተዋናይ የማይናገረውን ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ይናገረዋል። ስፖንሰሩ የሚያየው የልጆች ተረት ነው። ሳሙናው ይሸጣል፣ ሲጋራው ይሸጣል፣ ማንም አይቆጣም። ተመልካቹ ግን አልጋው ላይ ሲጋደም አንድ ነገር ይከነክነዋል።

ይህንን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። እኛ ስም አውጥተንለታል፤ ሰምና ወርቅ።

ጎጃም ላይ ተምሮ፣ አራዳ ላይ መያዝ

የቅኔ ቤት ተማሪ ገና በለጋነቱ የሚማረው ነገር ቃል ሁለት ፊት እንዳለው ነው። ሰሙ ለሰሚው ሁሉ ነው፤ ወርቁ ለሚያውቅ። ንጉሥን ፊት ለፊት ማሞገስና በዚያው አፍ መውቀስ የጥበብ መለኪያ ሆኖ ኖሯል። ታዲያ በዚህ ባህል ያደገ ሕዝብ የሰርሊንግን መላ ከማንም በፊት መጠቀም ነበረበት። ተጠቅሟልም። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ።

የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመድያ» ነው። ተክለ ሐዋርያት ሩሲያ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት በማርቀቅና በመንግሥታት ማኅበር ኢትዮጵያን በመወከል ይታወቃሉ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የጻፉት ይህ ተውኔት ተዋንያኑ አውሬዎች ናቸው። መነሻው የፈረንሳዩ ላ ፎንቴን ተረቶች ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል አዳራሽ ታየ። አንበሳ፣ ቀበሮ፣ ተኩላ መድረክ ላይ ወጥተው ይነጋገራሉ። ከማርስ ሰው ምን ይለያቸዋል?

ነገር ግን አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት መኳንንት ስለ አውሬ እየተወራ እንዳልሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ጉቦ የሚበላው፣ ደሃ የሚያስለቅሰው አውሬ ማን እንደሆነ ገባቸው። ተውኔቱ ታገደ። የአማርኛ ቴአትር ዳግም እስኪንቀሳቀስ የራስ ተፈሪን ንጉሠ ነገሥት መሆን መጠበቅ ግድ ሆነ።

ሁለተኛው ምሳሌ አቤ ጉበኛ ነው። «አልወለድም» የተሰኘው መጽሐፉ በ1955 ዓ.ም. ታተመ፤ ሰርሊንግ በሥራ ላይ በነበረበት ወቅት ማለት ነው። የመጽሐፉ መነሻ ሐሳብ በቀጥታ ለድንግዝግዝ ቀጣና የተጻፈ ይመስላል። ገና በማኅፀን ያለ ሕፃን፣ ሊወጣበት የተዘጋጀውን ዓለም ግፍ ዐውቆ «አልወለድም» ይላል። ሀገሩ በስሙ አልተጠቀሰም፤ ንጉሡም እንዲሁ። ይሁን እንጂ የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ገና ከሰው ትዝታ አልጠፋም ነበር። ያልተጠቀሰው ሀገር የት እንደሆነ ለማወቅ ካርታ መግለጥ አላስፈለገም። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሰርሊንግ አምስት ዓመት ሙሉ በመቶ የሚቆጠር ተረት እያወራ ሲያልፍ፣ ተክለ ሐዋርያትና አቤ በአንድ በአንድ ሥራቸው የተያዙት ለምንድን ነው?

የተለመደው መልስ «እዚያ ነፃነት አለ፣ እዚህ የለም» ነው። ይህ እውነትነት አለው፤ ግን ሙሉ መልስ አይደለም። የሰርሊንግ ስፖንሰር የሚፈራው ደንበኛ ማጣትን ብቻ ነበር። የተቆጣ ደብዳቤ ካልመጣ፣ ሸቀጡ ከተሸጠ፣ በተረቱ ሆድ ውስጥ ምን እንዳለ መመርመር ሥራው አልነበረም። የእኛ ሀገር ሳንሱር የሚፈራው ግን ራሱን ሐሳቡን ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ምክንያት አለ። የሰርሊንግ ተቆጣጣሪዎች ሰምና ወርቅ አልተማሩም። ተረት ሲያዩ ተረት ያያሉ። የእኛ ተቆጣጣሪ ግን ደራሲው የተማረበት ቤት የተማረ ነው። ምናልባትም ከደራሲው የተሻለ ቅኔ ያውቃል። ስለ ዝናብ ሲጻፍ «ዝናቡ ማን ነው?» ይላል። ስለ ቀበሮ ሲጻፍ ጭራዋን ይቆጥራል። ሁሉም ሰው ሰም መሆኑን የሚያውቀው ሰም ምንም አይሸፍንም። ወርቅ ፍለጋ በሠለጠነ ሀገር፣ ወርቅ መደበቅ ከሁሉም ቦታ ይልቅ ይከብዳል። ይባስ ብሎ ወርቅ በሌለበትም ወርቅ ይገኛል፤ ስንቱ ደራሲ ያላሰበውን አስበሃል ተብሎ ተጠይቋል!

ከሰይጣን ቤት እስከ ማዘጋጃ ቤት

ሌላው ጉዳይ መሣሪያው ራሱ ነው። ተረቱ በምን በኩል ወደ ሰው ይደርሳል?

ተንቀሳቃሽ ሥዕል ኢትዮጵያ የገባው በምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ግድም ነው። መጀመሪያ ያየውም ቤተ መንግሥቱ ነው። ወደ ከተማው ሲወጣ ግን ሕዝቡ የራሱን ስም ሰጠው። ከፒያሳ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ በሚወስደው አቅጣጫ የነበረው የመጀመሪያዎቹ ዘመናት ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ተባለ። በጨለማ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰው የሚራመድ ከሆነ ሌላ ምን ይባላል?

ዛሬ በዚህ ስም መሳቅ ቀላል ነው። ነገር ግን ያ ስም ያወጣው ሰው አንድ ነገር በትክክል አይቷል። ሥዕል ሲንቀሳቀስ ኃይል አለው፤ ያ ኃይል ደግሞ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ኋላ ፒያሳ የሲኒማ ሰፈር ሆነ፤ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲኒማ አምፒር፣ ከጎን ደግሞ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር። ሰይጣኑ ተለመደና የእሁድ ከሰዓት ጓደኛ ሆነ።

ቴሌቪዥን ሲመጣ ግን ሁኔታው ተለየ። ሲኒማ ቤት የነጋዴ ነው፤ ከጣሊያንም ከሕንድም ከአሜሪካም ያመጣል። ቴሌቪዥኑ የመንግሥት ብቻ ነበር። ስፖንሰሩም፣ ሳንሱሩም፣ ባለቤቱም አንድ ሰው ሆነ። አስመራ ቃኘው ጦር ሰፈር የነበሩ አሜሪካውያን ከአዲስ አበባ ቀድመው የራሳቸውን የቴሌቪዥን ጣቢያ ተክለው ነበር፤ እሱ ግን ለወታደሮቻቸው ነው። ለኢትዮጵያዊው የቀረበው አንድ ጣቢያ፣ አንድ ስቱዲዮ፣ አንድ ድምፅ ነበር።

ያ ስቱዲዮ በታሪኩ ከሁሉ የበለጠ ኃይሉን ያሳየው በአሥር ዓመቱ ነው፤ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ምሽት። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም ለሕዝብ ታየ። ግን እንደ ተሠራ አልታየም። በረሃብ በሚያልቁት ሰዎች መካከል የቤተ መንግሥቱ ድግስና ምቾት እየተቆራረጠ ገባበት። አንድ ልጅ ሲሞት፣ ቀጥሎ ኬክ ሲቆረስ። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲያዩት ተነገራቸው። በማግስቱ ከዙፋን ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ።

በዚያ ምሽት ላይ የታየው ረሃብ እውነት ነበር። ድግሱም እውነት ነበር። ሁለቱን የሰፋው መርፌ ግን የደርግ ነው። በዘውድ በዓል ቀን የተወለደው ቴሌቪዥን ዘውዱን ለማውረድ አገለገለ። ያየው ሁሉ ስለ ኃይሉ አንድ ትምህርት ተማረ፤ ከሁሉ በፊት የተማሩት ደግሞ አዲሶቹ ገዢዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ያ መስኮት ለሌላ ሰው ሰምም ለሌላ ሰው ወርቅም ቦታ አልነበረውም።

በዓሉ ግርማ ይህንን ከውስጥ ሆኖ ያውቀው ነበር። የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው «ኦሮማይ» ዋና ገጸ ባሕርይው የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው፤ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ፕሮፓጋንዳ ሊመራ አስመራ የወረደ። በዓሉ ማርስ አልሄደም። ሰሙን በጣም አሳሳው፤ ስም ብቻ ለወጠ። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም።

ሜፕል ጎዳና

አሁን ወደዚያ ስልኩን ወደ ከፈተው ወጣት እንመለስ። ከ156ቱ አንዱን ብቻ ይይ ቢባል፣ እ.ኤ.አ. በ1960 የታየውን «ጭራቆቹ ወደ ሜፕል ጎዳና እየመጡ ነው» የተሰኘውን መምረጥ ይበጃል።

አንድ ሰላማዊ ሰፈር ነው። ልጆች ይጫወታሉ፣ አባቶች መኪና ያጥባሉ። ከሰማይ አንድ ብርሃን ያልፋል፤ ወዲያው መብራት ይጠፋል፣ ስልክ ይዘጋል፣ መኪና አልነሣ ይላል። አንድ ልጅ በመጽሐፍ ያነበበውን ይናገራል፤ ከሌላ ዓለም የሚመጡ ወራሪዎች ቀድመው ሰው የመሰሉ የራሳቸውን ወገኖች ሰፈር ውስጥ ያስገባሉ። በቃ! ከዚያ በኋላ ጎረቤት ጎረቤቱን ማየት ይጀምራል። የአንዱ መኪና ብቻዋን ተነሣች፤ ለምን? አንዱ ሌሊት ደጅ ቆሞ ሰማይ ያያል፤ ምን ይጠብቃል? አንዱ ቤቱ ውስጥ የራሱን ሬዲዮ ይሠራል፤ ከማን ጋር ነው የሚያወራው? ጨለማ ሲሆን አንድ ሰው ይገደላል። ሟቹ ወራሪ አልነበረም፤ መረጃ ለማምጣት ወደ ሌላ ጎዳና ሄዶ የተመለሰ ጎረቤታቸው ነው። ሰፈሩ በድንጋይና በጥይት ይተላለቃል።

በመጨረሻ ሁለት የሌላ ዓለም ሰዎች ኮረብታ ላይ ሆነው ይመለከታሉ። እነሱ ያደረጉት መብራት ማጥፋትና ማብራት ብቻ ነው። የቀረውን ሰፈሩ ራሱ ሠራው።

ይህ በአሜሪካ ስለ ኮሚኒስት አደን የተጻፈ ነው ይባላል። ቢሆንም አዲስ አበባ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰው ስለ አሜሪካ አያስብም። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን የነበረ ሰው፣ የቀበሌ ስብሰባን ያስታውሳል። ማን ሌሊት መብራት አበራ፣ ማን እንግዳ ተቀበለ፣ የማን ልጅ ወረቀት ይበትናል። ጠዋት ጎዳና ላይ ደረቱ ላይ ጽሑፍ የተለጠፈበት አስከሬን። ያልደረሰበት ወጣት ደግሞ የራሱን ዘመን ያስባል። አንድ ያልተረጋገጠ መልእክት በቡድን ይለቀቃል፤ ኢንተርኔት ይቋረጣል፤ የስልክ መስመር ይጠፋል፤ ትናንት ቡና የተጣጡ ሰዎች የዘር ሐረግ መቁጠር ይጀምራሉ። መብራቱን ማን እንዳጠፋው የሚጠይቅ የለም።

ስልስ ዓመት ያለፈው ጥቁርና ነጭ ፊልም ያላረጀበት ምክንያት ይህ ነው። ጭራቁ ከካርቶን የተሠራ ነው፤ ሰፈሩ ግን እውነተኛ ነው።

ለፒያሳ ሰው ደግሞ ሌላ ክፍል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 የታየው «የእግር መንገድ ርቀት»። ኑሮ ያታከተው አንድ ሰው መኪናውን ጋራዥ አቁሞ ወደ ልጅነት ከተማው በእግሩ ይሄዳል። ሲደርስ ሁሉም ነገር እንደ ነበር ነው፤ ያው ሱቅ፣ ያው ጨዋታ፣ የሞቱት ወላጆቹ በሕይወት፣ ራሱም ገና ልጅ ሆኖ። ሊቆይ ይፈልጋል፤ አይችልም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ከሰፈራቸው ተነሥተው ወደ ከተማዋ ዳር የሄዱ ነዋሪዎች ይህንን ታሪክ ገልብጠው ይኖሩታል። እነሱ ራሳቸው ያው ናቸው፤ የጠፋው ሰፈሩ ነው። ከተማው አማረ የሚለውም፣ ታሪክ ፈረሰ የሚለውም የየራሱ ክርክር አለው። በዚህ ክርክር መሐል ግን አንድ ሰው ከታክሲ ወርዶ በለመደው ጎዳና ሲጓዝ እግሩ ማረፊያ ሲያጣ ምን እንደሚሰማው የሚያሳይ የግማሽ ሰዓት ድራማ አልተሠራም።

የእኛ ቀጣና የት አለ?

ፍጹም ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ክራምብስ» የተባለ ፊልም የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም እየተባለ በዓለም ዞሯል። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ሲሆን፣ መሪ ተዋናዩ ዳንኤል ታደሰ ነው። ዓለም ካለቀ በኋላ የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ቅርስ የሚከበርበትን ጊዜ ያሳያል። የውጭ ተቺዎች አደነቁት። እዚህ ያየው ግን ጥቂት ነው።

ቴሌቪዥናችን በበኩሉ በዝቷል። በአንድ ጣቢያ የተጀመረው ዛሬ በሳተላይት በርካታ ሆኗል። በ2008 ዓ.ም. የመጣው ቃና የቱርክ ድራማ በአማርኛ እያናገረ ስንቱን ቤት ያዘ። የሀገር ውስጥ ተከታታይ ድራማም አልጠፋም። ነገር ግን ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ቤተሰብን ይዞ በመቶ ክፍል የሚጓዝ ነው። በየሳምንቱ አዲስ ታሪክ፣ አዲስ ሰው፣ አዲስ ዓለም የሚከፍት የለም። አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። በየክፍሉ አዲስ ተዋናይና አዲስ ቦታ ያስፈልጋል፤ ማስታወቂያ የሚሰጠው ነጋዴ ደግሞ ተመልካቹ የለመደውን ፊት ይፈልጋል። ሆኖም የሰርሊንግን ሥራ እንይ። ብዙዎቹ ምርጥ ክፍሎቹ አንድ ክፍል፣ ሦስት ሰውና አንድ ጥሩ ሐሳብ ናቸው። አጭር ልብ ወለድ በሚጻፍበት ሀገር ይህ አይታጣም።

ዋናው እንቅፋት ሌላ ይመስላል። «ሰም ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ስሜት አለ። ዛሬ ሁሉም ሰው የፈለገውን ስም ጠርቶ መሳደብ ይችላል፤ ቢያንስ ከውጭ ሀገር ሆኖ። ሰም የፈሪ መደበቂያ ተደርጎ ይታያል። ሀገር ውስጥ ያለው ጋዜጠኛ ደግሞ ሲጽፍ የሚታሰርበትን ስለሚያስብ፣ ከተረት ይልቅ ዝምታን ይመርጣል። ወርቅ ፈላጊው ዛሬም ሥራ ላይ ነው፤ አሁን ደግሞ ሳንሱር ቢሮ ብቻ አይደለም የተቀመጠው፤ አስተያየት መስጫው ውስጥም አለ። አንድ ድራማ ላይ ክፉው ሰው የተሰጠው ስም የየትኛው ብሔር ነው ብሎ የሚቆጥር ተመልካች፣ ከዘውዲቱ መኳንንት በምን ይለያል?

የድንግዝግዙ ቀጣና ትምህርት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሰርሊንግ ወደ ማርስ የሄደው ስፖንሰሩን ለማምለጥ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ያገኘው ግን ከዚያ የበለጠ ነገር ነው። ሜፕል ጎዳናን ያየ ነጭም፣ ጥቁርም፣ ወግ አጥባቂም፣ ተራማጅም እስከ መጨረሻው ተቀምጦ አይቶታል። ስሙ ስላልተጠራ ማንም አልተነሣም። ጎረቤቱን ሲከስ የነበረው ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ የሄደ ሁሉ ራሱን አግኝቶ ተመለሰ።

ዛሬ እኛ ዘንድ የአንዱን ወገን ግፍ በስሙ ጠርቶ የሚያሳይ ሥራ ቢሠራ፣ ገና በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ግማሹ ተመልካች ተነሥቶ ይሄዳል። የቀረው ደግሞ የሚቆየው እንዲበቀል እንጂ እንዲያስብ አይደለም። በስሙ መጥራት ለፍርድ ቤትና ለታሪክ የግድ ነው፤ ያለ እሱ ተጠያቂነት የለም። ኤሜት ቲልም በስሙ የተጠራበት ሥራ ኋላ ተሠርቷል፤ መሠራትም ነበረበት። ነገር ግን ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው አንድ ነገር አይተው እንዲጨርሱ ከተፈለገ፣ ስም የሌለው ሰፈር ያስፈልጋቸዋል።

አያቶቻችን ሰም የሠሩት ንጉሥን ፈርተው ብቻ አልነበረም። ሰም ሰሚውን ያስቀምጠዋል። ወርቁን ራሱ ፈልጎ እስኪያገኘው ጊዜ ይሰጠዋል፤ ራሱ ያገኘውን ደግሞ ሰው በቀላሉ አይጥልም። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሥር፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ስቱዲዮ ያ መስኮት ከተከፈተ ስልስ ዓመት አልፎታል። አውሬ ሲናገር፣ ማኅፀን ሲከራከር ያየ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ይዘን፣ በዚያ መስኮት በኩል ገና አንድ ስም የለሽ ሰፈር አላየንም። የሚጽፈው ሰው ምናልባት አሁን ስልኩ ላይ የካርቶን መንኮራኩር እያየ እየሳቀ ይሆናል። ይሳቅ፤ ግን አይዝጋው።